ሩሐማ፤ ስለ አንዲት ሴት ልጅ ስም ትርጕምና አመጣጥ ለወላጆች የተጻፈ ምክር



ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ከአባቶቻችን ሰምተናል። ይህ አነጋገር ስም ቀላል ነገር እንዳይደለ ስለሚያስተምር መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ ወላጆች በዚህ ቃል ተደግፈው፥ ስሙ ከወጣ በኋላ የቀረውን ሥራ ሁሉ ደግሞ ለመልአኩ ይተዉለታል። የአራስ ቤቱ ገንፎ ከተበላና እልልታው ካለፈ በኋላ፥ ይህ ስም ከወዴት መጣ? ፍችውስ ምንድር ነው? ልጄን በዚህ ስም ስጠራት በእኔ ላይ ምን ግዴታ ይሆንብኛል? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ስለዚህ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ አንድ ስም ብቻ እንመረምራለን። እርሱም ሩሐማ የሚለው ነው። ዛሬ በአገራችን ብዙ ሴቶች ልጆች በዚህ ስም ይጠራሉ። ድምፁ ለጆሮ ያማረ ነውና ወላጆች ይወዱታል። ነገር ግን የስሙ ታሪክ ከደስታ አይጀምርም፥ ከሐዘን ይጀምራል እንጂ። ሐዘኑን የማያውቅ ሰው ደስታውንም ሊያውቅ አይችልም።

1ኛ፤ የስሙ አመጣጥ

ይህ ስም በመጀመሪያ የሚገኘው በትንቢተ ሆሴዕ ነው። ሆሴዕ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት የነበረ ነቢይ ነው። ቃሉንም የተናገረው ይልቁንም በሰሜን ለነበረው ለእስራኤል መንግሥት ነው፤ የመንግሥቱም ዋና ከተማ ሰማርያ ነበረች። የዮአስ ልጅ ኢዮርብዓም በዚያ 41 ዓመት ነገሠ። በእርሱ ዘመን ድንበሩ ሰፋ፥ ባለጠጋውም በለጸገ፤ ድኻው ግን ይገፋ ነበር፤ ሕዝቡም እግዚአብሔርን ትቶ ለበኣል ይሰግድ ነበር።

ሆሴዕ የዴቤላይምን ልጅ ጎሜርን አገባ፤ በቤታቸውም ሦስት ልጆች ተወለዱ። የፊተኛው ወንድ ልጅ ኢይዝራኤል ተባለ። ሁለተኛይቱ ሴት ልጅ ሎ ሩሐማ ተባለች። ሦስተኛው ወንድ ልጅ ሎ ዓሚ ተባለ (ሆሴ. 1፥3-9)። እነዚህን ስሞች የመረጠው አባትዮው አይደለም፤ እግዚአብሔር ራሱ አዘዛቸው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በእኛም አገር አባት የልቡን ነገር በልጁ ስም ይናገራልና። ጠላት ያለበት ልጁን በላቸው ወይም ደምሰው ይለዋል። ልጅ ሞቶበት ሌላ የተወለደለት ካሳ፥ ምትኩ፥ ማስረሻ ይላል። ጎረቤቱ ስሙን በሰማ ጊዜ መልእክቱን ያስተውላል። እንዲሁም እግዚአብሔር በነቢዩ ልጆች ስም ለመንግሥቱ ሁሉ መልእክት ላከ። እናትዮዋ ከደጅ ቆማ ልጇን በጠራች ቍጥር መንደሩ ፍርዱን ይሰማ ነበር።

ፍርዱስ ምን ነበረ? ሎ የሚለው ቃል በዕብራይስጥ አሉታ ነው። ሩሐማ ማለት ርኅራኄ ተደረገላት፥ ምሕረት አገኘች ማለት ነው። እንግዲህ ሎ ሩሐማ ማለት ርኅራኄ ያልተደረገላት፥ ምሕረት ያላገኘች ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፥ ጥቂት ቆም ብለህ አስብ። ገና በእናቷ ዕቅፍ ያለች፥ ክፉና ደጉን ያልለየች ሕፃን፥ ምሕረት የለሽም እየተባለች ስትጠራ ምን ያህል ይከብዳል!

ደግሞም በዚያ ታሪክ የተሰወረ ሌላ ሐዘን አለ። መጽሐፉ ስለ በኵሩ ሲናገር ጎሜር ልጁን ለሆሴዕ እንደ ወለደችለት ይገልጻል። ስለ ሴቲቱ ልጅ ሲናገር ግን ለሆሴዕ ወለደችለት አይልም፤ መውለዷን ብቻ ይናገራል። ስለዚህ አንዳንድ የመጽሐፍ ተርጓሚዎች፥ ይህች ልጅ አባቷ የተጠረጠረባት ሳትሆን አትቀርም ይላሉ። እንዲህ ከሆነ ሕፃኒቱ የሕዝቡን ፍርድ ብቻ አልተሸከመችም፤ የእናቷንም ነውር ጭምር ተሸክማለች።

ነገር ግን አንድ ነገር አስተውል። ነቢዩ ጎሜር ሦስተኛውን ልጅ የፀነሰችው ሎ ሩሐማን ጡት ካስጣለች በኋላ እንደ ሆነ ይነግረናል (ሆሴ. 1፥8)። በዚያ አገር ሕፃን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይጠባ ነበር። እንግዲህ ይህች ልጅ ስሟ ምሕረት ያላገኘች ሲሆን በየቀኑ ትጠባ ነበር፤ በዚያው ቤት ትታቀፍና ትታጠብ ነበር። ፍርዱ በስሟ ላይ ነበረ፤ ወተቱ ግን በአፏ ውስጥ ነበረ። ፍርዱን ያዘዘው አምላክ የእናትን ጡት አላደረቀም። ሰው የተቈጣውን ሲያስርብ አይተናል፤ እግዚአብሔር ግን በቍጣው ጊዜ እንኳ ሕፃኒቱን ይመግባታል።

የስሙ ፍርድ ከንቱ ማስፈራሪያ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ዓመት ሰማርያ በአሦር ሠራዊት እጅ ወደቀች፤ ከሕዝቡም ብዙው ተማርኮ ወደ ሩቅ አገር ተወሰደ። ዳሩ ግን የነቢዩ ቃል በዚያ አያበቃም። በሁለተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ እግዚአብሔር የልጆቹን ስም ይለውጣል። ከወንዱ ስም ላይ አሉታው ተነሥቶ ዓሚ ይባላል፤ ፍችውም ሕዝቤ ማለት ነው። ከሴቲቱም ስም ላይ ሎ የሚለው ተነሥቶ ሩሐማ ትባላለች። በዚያውም ምዕራፍ መጨረሻ፥ ምሕረት ላላገኘችው ምሕረት እንደሚሆንላት ተስፋ ተሰጥቷል።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ (9፥25)፥ ሐዋርያው ጴጥሮስም በፊተኛው መልእክቱ (2፥10) ይህንኑ የስም ለውጥ አንሥተው፥ ቀድሞ እንግዶች ለነበሩት ለአሕዛብ ምእመናን ይናገሩታል። እንግዲህ ሩሐማ የምትባል ሕፃን የቤተ ክርስቲያንን ሁሉ ታሪክ በስሟ ተሸክማለች። እኛም ሁላችን ምሕረት ሳናገኝ ኖረን ምሕረት ያገኘን ነንና።

ይህ ስም ከዕብራውያን አገር ወጥቶ ሩቅ ሄዷል። በእንግሊዝና በአሜሪካ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብቡ ቤተ ሰቦች ለሴቶች ልጆቻቸው ሰጥተውታል። በዋሽንግተን ከተማ የጃፓን የቼሪ ዛፎች ይተከሉ ዘንድ ብዙ ዓመት የደከመችው አሜሪካዊት ጸሐፊ ኤላይዛ ሩሐማ ሲድሞር (1856-1928 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ይህን ስም ተሸክማ ነበር። በእስራኤልም አገር በነጌብ በኩል ሩሐማ የሚባል የእርሻ መንደር አለ፤ ስሙም ከዚሁ ትንቢት የተወሰደ ነው።

2ኛ፤ የስሙ ትርጕም

የዕብራይስጥ ቃል እንደ ግዕዝ ከሥር ፊደላት ይወጣል። የዚህ ስም ሥሩ ረ፥ ሐ፥ መ ናቸው። ከዚህ ሥር ሬሔም የሚል ቃል ይወጣል፤ ፍችውም ማሕፀን ነው። ከዚያው ሥር ራሐሚም የሚል ቃል ይወጣል፤ ፍችውም ርኅራኄ ነው። እንግዲህ በዕብራይስጥ ርኅራኄ ማለት እናት ለማሕፀኗ ፍሬ እንዳላት ያለ ስሜት ነው። በዐረብኛም እንዲሁ ማሕፀንና ምሕረት ከአንድ ሥር ይወጣሉ።

የዚህን ቃል ኃይል ለማወቅ የንጉሥ ሰሎሞንን ፍርድ አስታውስ። ሁለት ሴቶች በአንድ ሕፃን ተካሰሱ። ንጉሡ ሕፃኑን በሰይፍ ለሁለት እንዲከፍሉት ባዘዘ ጊዜ፥ የእውነተኛይቱ እናት ርኅራኄ ተነሣሣና ሕፃኑ በሕይወት ይኑር እንጂ ለሌላይቱ ይሰጥ አለች (1 ነገ. 3፥26)። በዚያ ስፍራ የተጻፈው ቃል ራሐሚም ነው። እናትዮዋ ልጇን ከምታጣው ይልቅ መብቷን ልታጣ ወደደች። ሩሐማ በሚለው ስም ውስጥ ያለው ርኅራኄ ይህን የመሰለ ነው፤ ለሚወድደው ብሎ የራሱን የሚለቅ ርኅራኄ ነው።

ነቢዩ ኢሳይያስም (49፥15) በዚሁ ቃል እናት የማሕፀኗን ልጅ ትረሳ ዘንድ ይቻላልን? የሚል ጥያቄ አቅርቦ፥ እርስዋ እንኳ ብትረሳ እግዚአብሔር እንደማይረሳ ያስረዳል። መዝሙረ ዳዊት ደግሞ ይህንኑ ቃል ለአባት ይሰጠዋል፤ አባት ለልጆቹ እንደሚራራ እግዚአብሔርም ለሚፈሩት እንደሚራራ ያሳያል። ስለዚህ አባቶች ሆይ፥ ርኅራኄ የሴት ሥራ ነው ብላችሁ አትሽሹ። ቃሉ ከማሕፀን ቢወጣም መጽሐፍ ለአባትም ሰጥቶታል።

የእኛም ቋንቋ ከዚህ የራቀ አይደለም። ምሕረት የሚለው የግዕዝ ቃል፥ እንደ ቋንቋ መርማሪዎች አስተያየት፥ ያው የዕብራይስጡ ሥር ፊደሉ ቦታ ተለዋውጦ ነው፤ በዚያ ረ መጀመሪያ ስትሆን በእኛ መጨረሻ ሆነች። ደግሞም ሴት በወለደች ጊዜ ወደ አራስ ቤት የሚገቡት ሁሉ እንኳን ማረሽ ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ። ምጥንና ማሕፀንን ከምሕረት ጋር የሚያገናኝ ቃል በእያንዳንዱ አራስ ቤት አለ ማለት ነው። የታመመውንም ይማርህ፥ ይማርሽ እንለዋለን። እንግዲህ ሩሐማ የሚለው ስም ከሩቅ አገር ቢመጣም ሲገባ ዘመዱን አግኝቶ ገባ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ስሙ አሠራር እንጨምር። ሩሐማ ዕቃ ወይም አበባ የሚሰየምበት ዓይነት ስም አይደለም። እንደ እኛው ታደለች እንደሚለው ስም፥ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ታደለች ስንል ዕድሉን ራስዋ አላመጣችውም፥ ሌላ ሰጣት ማለታችን ነው። እንዲሁም ሩሐማ ስንል ርኅራኄውን ሠርታ አላገኘችውም፥ ሌላ አደረገላት ማለታችን ነው። ነገሩም ሊሆን ነው አይልም፥ ሆኗል ይላል እንጂ። ስለዚህ ይህን ስም የሰማ ሁሉ ይህችን ልጅ ማን ራራላት? ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። የመጀመሪያው መልስ እግዚአብሔር ነው። ሁለተኛው መልስ ግን አባቷና እናቷ መሆን ይገባቸዋል። እነርሱ ካልራሩላት ስሟ በራስዋ ላይ ሐሰት ይናገርባታል።

3ኛ፤ ተማረች ስለሚለው ቃል

በአማርኛችን ሊታለፍ የማይገባ መገጣጠም አለ። በግዕዝ ምሕረት የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው፤ ትምህርት የሚጻፈው ግን በሃሌታው ሀ ነው። ሁለቱ በግዕዝ የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአማርኛ ግን የጉሮሮው ድምፅ ስለ ጠፋ ሁለቱም ግሦች አንድ ሆኑ። ዳኛ ጥፋተኛውን ይቅር ቢለው ተማረ እንላለን፤ ብላቴና ፊደል ቢቈጥርም ተማረ እንላለን። እንግዲህ ሩሐማ የሚለውን ስም በአንድ የአማርኛ ቃል ብንመልሰው ተማረች ይሆናል። ሎ ሩሐማ የሚለውንም ብንመልሰው ያልተማረች ይሆናል።

ይህን ስንል ነቢዩ ስለ ትምህርት ቤት ተናገረ ማለታችን አይደለም። የመጽሐፍን ቃል ከልኩ አሳልፎ መጐተት አይገባም። ነገር ግን መገጣጠሙ በአማርኛ ለሚናገር ቤት ሁሉ ማስታወሻ ሊሆነው ይችላል። ልጁን ሩሐማ ብሎ ጠርቶ ከፊደል የሚከለክላት ሰው፥ በራሱ ቋንቋ ስሟን መልሶ ሎ ሩሐማ አድርጎታልና።

ለዚህ ምሳሌ የምትሆነን አንዲት ሴት አለች፤ እርስዋም አስቴር ጋኖ ናት። ስሟ ሩሐማ አልነበረም፤ የስሙ ታሪክ ግን በሕይወቷ ታየ። የኦሮሞ ልጅ ስትሆን በልጅነቷ ተይዛ በባርነት ቀንበር ውስጥ ገባች። በ1886 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ወደ ዐረብ አገር ሊሸጧት ሲወስዷት፥ የተሳፈረችበትን ጀልባ የኢጣልያ መርከቦች በባሕር ላይ ያዙት፤ እርስዋም ነጻ ወጣች። በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተቀበላት፤ በዚያም ፊደል ቈጠረች።

ከዚያ በኋላ ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲተረጕም፥ እርሱ ራሱ ገና ሕፃን ሳለ ከአገሩ ተሰርቆ ስለ ተወሰደ፥ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ቃላት አልበቁትም ነበር። የጐደለውን ቃል የሰበሰበችለት ይህች ቀድሞ ባሪያ የነበረች ልጅ ናት። ደግሞም 500 ያህል የአገሯን ተረት፥ ምሳሌ፥ እንቈቅልሽና ዘፈን ከትዝታዋ ጻፈች፤ ከእርሱም አንዳንዱ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገባ። መላው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። አስቴር በ1904 ወደ ወለጋ ሄዳ ልጆችን አስተማረች፤ በ1964 ዓመት ዐረፈች።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን አመዛዝን። የያዟት ሰዎች ባዩአት ጊዜ ዋጋዋን ብቻ ቈጠሩ። የተቀበሏት ሰዎች ግን ፊደል አስቈጠሯት፤ አንድ ሕዝብም በቋንቋው የእግዚአብሔርን ቃል ሲያነብ የእርስዋ ድካም በውስጡ አለ። ልጅቱ ያችው አንዲት ልጅ ነበረች። ልዩነቱ በተቀባዮቿ እጅ ላይ ነበረ። በአንተም ቤት ያለችው ልጅ ምን እንደ ተሰጣት ገና አታውቅም፤ ትማር ዘንድ ካልፈቀድህም ከቶ አታውቅም።

4ኛ፤ አሉታውን የሚመልሰው ማን ነው?

ሎ የሚለው ቃል በእኛ ፊደል ሲጻፍ አንዲት ፊደል ብቻ ናት። በዚህች በአንዲት ፊደል ምሕረት ያገኘችና ምሕረት ያላገኘች ይለያያሉ። እግዚአብሔር ይህችን ፊደል ከሕፃኒቱ ስም ላይ አነሣት። ወላጆችም በአፋቸው ልጃቸውን ሩሐማ ሲሉ እርሱ ያነሣውን ይመሰክራሉ። በእጃቸው ሥራ ግን መልሰው የሚጽፉባት ብዙ ናቸው። እንዴት እንደሚጽፉባት እንመልከት።

አንደኛ፤ በልደቷ ቀን ይጽፉባታል። በብዙ ስፍራ ለወንድ ልጅ የሚባለው እልልታ ለሴት ልጅ ከሚባለው ይበልጣል። ጎረቤት ወደ አባትዮው መጥቶ፥ እንኳን ደስ ያለህ፤ ወይዘሮዋ ምን ተገላገሉ? ብሎ ሲጠይቀው፥ አባትዮው አንገቱን ደፍቶ፥ ምን፥ ሴት ናት እኮ ብሎ ይመልሳል። ያቺ እኮ የምትለው ቃል ገና ስም ያልወጣላትን ልጅ ሎ ሩሐማ ብላ ሰየመቻት። መጽሐፍ ግን እንዲህ አያደርግም። ኢዮብ ከመከራው በኋላ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች በተወለዱለት ጊዜ፥ የሦስቱን ሴቶች ስም ጽፎልናል፤ የሰባቱን ወንዶች ስም ግን አልጻፈም (ኢዮ. 42፥13-15)።

ሁለተኛ፤ በዕለት ኑሮዋ ይጽፉባታል። ወንድሟ ደብተሩን ይዞ ሲሄድ እርስዋ እንስራ አዝላ ወደ ምንጭ ትወርዳለች። እርሱ ሲያጠና እርስዋ እንጨት ትለቅማለች፥ እሳት ታነድዳለች፥ ታናሹን ታዝላለች። ማታም በወንዶቹ ማዕድ የተረፈውን ትበላለች። ሥራ መልካም ነው፤ ልጅን ከሥራ ማራቅ አይገባም። ነገር ግን ሥራው ለሁለቱ ቢከፈል ትምህርቱም ለሁለቱ ይበቃ ነበር። ውኃ መቅዳት ለሴት የተፈጠረ ይመስልሃልን? የርብቃን እንስራ የሚያነብ ሰው፥ ጌታ ኢየሱስ ፋሲካውን ያዘጋጁ ዘንድ ደቀ መዛሙርቱን በላከ ጊዜ ምልክት አድርጎ የሰጣቸውን ማድጋ የተሸከመውን ወንድ ደግሞ ያንብብ (ማር. 14፥13)።

ሦስተኛ፤ በጋብቻዋ ይጽፉባታል። ገና ልጅነቷን ሳትጨርስ ለአማት ቤት ትሰጣለች፤ ምክንያቱም ዝምድና ለማጽናት ወይም ከብት ለማግኘት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልታገባ እንድትችል ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ግን ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት እንዲሆን አዝዟል። የምድር ሕግ ለልጅቱ ይህን ያህል ከራራላት፥ ሩሐማ ብሎ የሰየማት አባት ከሕጉ በታች ሊራራ ይገባዋልን? ማሕፀን የርኅራኄ ሥር ነው ብለናል። ሰውነቷ ሳይጠና ልጅ እንድትሸከም የሚያደርጋት ሰው፥ የስሟን ሥር ራሱን ይበድላል።

አራተኛ፤ በርስቷ ይጽፉባታል። ሴት ልጅ ለሰው ቤት ናት ተብላ ከአባቷ መሬት ትነቀላለች። አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ግን በሙሴና በካህኑ በአልዓዛር ፊት ቆመው የአባታቸውን ድርሻ ጠየቁ፤ እግዚአብሔርም እውነታቸውን ነው ብሎ ፈረደላቸው (ዘኍ. 27፥1-7)። ኢዮብም ለሴቶች ልጆቹ ከወንድሞቻቸው ጋር ርስት ሰጣቸው። ድምፅን ለማሳመር ስም ለመስጠት ማንም ይችላል፤ ስም ሰጥቶ ርስት መንፈግ ግን ሰነድ ጽፎ ማኅተሙን እንደ መከልከል ነው።

አምስተኛ፤ ስለ እናቷ ነውር ይጽፉባታል። ከሕጋዊ ጋብቻ ውጭ የተወለደችውን፥ ወይም ከቤት ሠራተኛ የተወለደችውን ልጅ፥ ብዙዎች ዲቃላ እያሉ ይጠሯታል። ይህን የሚል ሰው የሆሴዕን ቤት ያስብ። የመጀመሪያይቱ ሩሐማ እንዲህ ያለ ጥርጥር የነበረባት ሳትሆን አትቀርም። ሆኖም ከቤት አልተጣለችም፤ ጡትም አልተከለከለችም፤ በመጨረሻም ያመረው ስም የተሰጠው ለእርስዋ ነው። እናቷን ልትገሥጽ የምትሻ ብትሆን እንኳ፥ ልጅቱ የዳኛ ወንበር ፊት የምትቆም ተከሳሽ እንዳይደለች ዕወቅ።

5ኛ፤ ለሚነሡ ጥያቄዎች አጭር መልስ

አንዱ፥ እኔ ድኻ ነኝ፤ ርኅራኄ ገንዘብ ይፈልጋል ይል ይሆናል። ወንድሜ ሆይ፥ ጎሜር ለልጇ የሰጠቻት ወርቅ አልነበረም፤ ጡቷን ነው። ካለህ አንድ እንጀራ ግማሹን ለወንዱ፥ ግማሹን ለሴቲቱ መቍረስ ገንዘብ አይጠይቅም። በፊቷ ፈገግ ማለት፥ ስሟን ሳታቃልል መጥራት፥ ማታ በኵራዝ ብርሃን ያጠናችውን መስማት ገንዘብ አይጠይቅም።

ሌላው፥ የእኔ ልጅ ስሟ ዘነበች ነው፥ ወይም ብርቅነሽ ነው፤ ስለዚህ ይህ ቃል እኔን አይነካኝም ይል ይሆናል። እኛ ስም ለውጥ አላልንህም። የአገራችን ስሞች ያማሩ ናቸው፤ ብርቅነሽ ብለህ የሰየምሃት በእርግጥ ብርቅህ ከሆነች ስሟ ከሩሐማ አያንስም። ስም ብቻውን ማንንም አያድንም፤ የከበረ ስም ተሸክሞ የተዋረደ ብዙ ነው፥ የተናቀ ስም ተሸክሞም የከበረ አለ። የምንለው ይህ ነው፤ ልጅህን በጠራሃት ስም ኑርላት።

ሦስተኛይቱም አንቺ ነሽ፥ እኅቴ ሆይ፤ ምናልባት ይህን ጽሑፍ ለልጅሽ ብለሽ ስታነብቢ ልብሽ ስለ ራስሽ አዝኖ ይሆናል። ማንም አልራራልሽም ይሆናል። ወንድሞችሽ ሲማሩ አንቺ ቀርተሽ፥ በልጅነትሽ ተድረሽ፥ ስምሽ ምንም ቢሆን ኑሮሽ ሎ ሩሐማ ሆኖ ይሆናል። ለአንቺ የምንነግርሽ የነቢዩ መጽሐፍ በአንደኛው ምዕራፍ እንዳላለቀ ነው። አሉታውን የሚያነሣው አባት አይደለም፥ ባልም አይደለም፤ እግዚአብሔር ነው። እርሱ በልጁ በኢየሱስ ክርስቶስ ምሕረቱን ለዓለም ሁሉ ከፍቷል፤ ልብሽን ወደ እርሱ መልሺ። ይህንንም ምሕረት በተቀበልሽ ጊዜ ለልጅሽ አሳልፈሽ ስጪ። በአንቺ ላይ የተጻፈችው ፊደል በእርስዋ ላይ እንዳትጻፍ ከልካዪ አንቺ ሁኚ። ፊደል መቍጠርም ለትልቅ ሰው ነውር አይደለምና፥ ልጅሽ ስትማር ከአጠገቧ ተቀምጠሽ ተማሪ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ዛሬ ማታ ልጃችሁን በስሟ ጥሯት። ስትመጣም ዝም ብላችሁ ሥራ አትዘዟት፤ አስቀድማችሁ ፊቷን እዩ፤ ምን በላች፥ ምን ተማረች፥ ምን አስፈራት ብላችሁ ጠይቋት። ከዚያም በኋላ ከእርስዋ ጋር ተንበርክካችሁ እንዲህ ብላችሁ ጸልዩ፤

አቤቱ፥ የርኅራኄ አባት ሆይ፥ ምሕረት ሳናገኝ ሳለን የማርኸን አንተ ነህና እናመሰግንሃለን። ይህችን ልጅ ከአንተ እጅ ተቀብለናል። በአፋችን ከጠራናት ስም እጃችን እንዳይለይ እርዳን። አንተ ያነሣኸውን አሉታ እኛ እንዳንመልሰው ጠብቀን። ስትበላ እንጂ ስትራብ አታሳየን፤ ስትማር እንጂ ስትከለከል አታሳየን፤ ባደገችም ጊዜ ለሌላው የምትራራ አድርጋት። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።